ካሣን ቴዎድሮስ ያደረጉ ብዕሮች

በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ መንግሥት ጥቂት የጸጉር ዘለላ አስረከበ። ጸጉሩ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ አስከሬን ላይ ተቆርጦ የተወሰደ ነበር። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ተመለሰ ሲባል፣ አገር ቤት ያለውም ስደት ላይ ያለውም ኢትዮጵያዊ የቅርብ ዘመዱ አፅም የመጣለት ያህል ልቡ ተነካ። የእኔም ተነክቷል። ያንን ጸጉር የማንም የሞተ ሰው ጸጉር አድርጎ ማየት አልቻልኩም።

ስሜቱ ጋብ ሲል ግን ጥያቄ ይመጣል። ቴዎድሮስ የነገሠው አሥራ ሦስት ዓመት ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥልጣኑ ከጦር ሰፈሩና ከመቅደላ አምባ ብዙም አያልፍም ነበር። ላስታን ዋግሹም ጎበዜ፣ ሸዋን ምኒልክ፣ ትግራይን ካሣ ምርጫ ይዘውበታል። የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ እስከ መቅደላ ግርጌ ሲዘልቅ ከአገሬው ሰው እዚህ ግባ የሚባል ጦር አልገጠመውም፤ እንዲያውም ስንቅ የሸጠለትና መንገድ የለቀቀለት ብዙ ነው። ሲሞት ይህን ያህል ተጠልቶ የነበረ ንጉሥ በምን ኃይል የአገር አንድነት ምልክት ሆነ? የፊተኞቹ ነገሥታት አሥራ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ገዝተው ስማቸው በታሪከ ነገሥት ገጽ ላይ ሲቀር፣ እርሱ እንዴት በልጆች ስም፣ በአደባባይ ሐውልት፣ በዘፈንና በቴአትር ውስጥ ኖረ?

የዚህ መልስ አብዛኛው ያለው በጸሐፊዎች እጅ ነው። ቴዎድሮስ በሕይወቱ ያልጨረሰውን ሥራ ደብተራው፣ አልቃሹ፣ ምሁሩ፣ ተውኔት ጸሐፊውና ልብ ወለድ ደራሲው እየተቀባበሉ ጨረሱለት። ይህ ዳሰሳ ያንን ቅብብሎሽ ከመነሻው ይከተላል። በመጨረሻም ጸሐፊዎቻችን ለንጉሡ ከሰጡት ፍቅር ጋር አብሮ የሚነሣ አንድ ዕዳ አለ፤ እርሱንም ይጠይቃል።

ከመወለዱ በፊት የተጻፈለት ንጉሥ

ነገሩ የሚጀምረው ካሣ ኃይሉ፣ ኋላ ቴዎድሮስ የተባለው፣ ቋራ ላይ ከመወለዱ ብዙ ዘመን ቀድሞ ነው። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የትንቢት መጽሐፍ ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ከምሥራቅ ተነሥቶ በፍትሕና በሰላም እንደሚገዛ ይናገራል። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በዚሁ ስም ለአጭር ጊዜ የነገሠው ቀዳማዊ ቴዎድሮስም በደግነቱ ሲወሳ ኖሯል። ስለዚህ ስሙ ባለቤቱን ሲጠብቅ የኖረ ስም ነው።

ዘመኑም ቢሆን የመጽሐፍ ስም ወጥቶለት ነበር። ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ዛሬ ሁላችንም "ዘመነ መሳፍንት" እንለዋለን። ይህ አጠራር የተቀዳው ከብሉይ ኪዳን መጽሐፈ መሳፍንት፣ በእስራኤል ንጉሥ ካልነበረበት ዘመን ነው። ስሙን ያወጡለት ሊቃውንት ከስሙ ጋር ሙሉ የታሪክ ሐዲድ ዘርግተዋል፤ ከመሳፍንት ቀጥሎ የሚመጣው የተቀባ ንጉሥ መሆን አለበትና። ዘመኑ በጨለመ ቁጥር የሚመጣው ሰው ይደምቃል።

ካሣ ይህን ጠንቅቆ ያወቀ ይመስለኛል። በገዳም ያደገ፣ ፊደል የቆጠረ፣ መጻሕፍት የሚያስነብብ ሰው ነበር። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በሰኔ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል አደረገ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ማረከና፣ ውቤ ባሠራው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀባ። ለዙፋኑ ስም ሲመርጥ ቴዎድሮስ አለ። በዚያች አንዲት ቃል የሽፍትነት ታሪኩን ወደ ትንቢት ፍጻሜ ለወጠው። ስለዚህ የቴዎድሮስ የመጀመሪያው ደራሲ ራሱ ካሣ ነው።

በደብዳቤዎቹም ይህን ሥራ ቀጥሏል። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ያስጻፈው ደብዳቤ የአባቶቹን በደል፣ የመንግሥቱን መፍረስና ፈጣሪ እርሱን ከትቢያ አንሥቶ ለዙፋን እንዳበቃው የሚተርክ ነው። ከዲፕሎማሲ ወረቀትነቱ ይልቅ ወደ ገድል ያደላል። የተጻፈውም በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ ነው። ለዚያ ደብዳቤ መልስ በጊዜው ሳይመጣ መቅረቱ ነው የኋላውን መዓት ሁሉ ያስከተለው።

ጽሑፍ ሊያነሣም ሊጥልም እንደሚችል የተረዳበት ሌላ ምስክር ደግሞ አለ። እናቱ ኮሶ ሻጭ ነበሩ የሚለው ስድብ ከወጣትነቱ ጀምሮ ይከተለው ነበር። በዚህ የፎከረበትን ደጃዝማች ወንድይራድን ድል ባደረገ ጊዜ ኮሶ አስጠጥቶ እንደቀጣው ይተረካል። ነግሦ ከቆየ በኋላ ሄንሪ ስተርን የተባለ ሚስዮናዊ በ1862 እ.ኤ.አ. ለንደን ባሳተመው መጽሐፍ ያንኑ የኮሶ ነገር ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት ስተርን ተይዞ ከጽሑፎቹ የወጡ ቃላት በችሎት ፊት እየተተረጎሙ ሲነበቡ፣ ንጉሡ በአንድ መጽሐፍ ላይ ሰይፍ የመዘዘ ያህል ነበር። ስሙ በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚቀር ይህን ያህል ያስጨነቀው ገዥ በታሪካችን ብዙ የለም።

አንድ ንጉሥ በሦስት ብዕር

የቴዎድሮስን ታሪክ ከሞላ ጎደል በቅርብ የጻፉ ሦስት ሰዎች አሉ። የሦስቱም ጽሑፍ በአማርኛ መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ እስከዚያ ድረስ የነገሥታት ዜና መዋዕል ቋንቋ ግዕዝ ነበር። የንጉሡ ታሪክ ከሊቃውንት ማኅደር ወጥቶ ሕዝብ በሚናገረው ቋንቋ መጻፉ፣ ኋላ ወደ ሕዝብ ጆሮ የሚደርስበትን መንገድ ከፍቷል።

የመጀመሪያው የአለቃ ዘነብ ነው። አለቃ ዘነብ በዘመኑ የነበሩ፣ ንጉሡን በፍቅር የሚያዩ ሰው ናቸው። አጫጭርና ፈጣን ዐረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ ዘመቻው፣ ምሕረቱ፣ ቁጣው ይከታተላል። ታሪካቸው ግን እስከ 1852 ዓ.ም. ገደማ ሄዶ ይቆማል። የቆመበት ቦታ ልብ ይባል፤ ከጎንደር ቃጠሎ በፊት፣ ከአቡኑ እስራት በፊት፣ ከመቅደላ በፊት ነው። ዘነብን ብቻ ያነበበ ሰው የሚያውቀው ወደ ላይ የሚወጣውን ቴዎድሮስ ነው።

ሁለተኛው የአለቃ ወልደ ማርያም ነው። ወልደ ማርያም ከቤተ ክህነቱ ወገን ናቸውና ቁስሉን ይዘው ይጽፋሉ። ቴዎድሮስ ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል ብሎ የቀረውን መሬት ግብር ለሚከፍለው ገበሬ ሊሰጥ በፈለገ ጊዜ ከካህናቱ ጋር የገባበት ጠብ፣ አቡነ ሰላማ መታሰራቸውና በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ መቅደላ እንደታሰሩ ማረፋቸው፣ የገበሬው መዘረፍ በዚህ ታሪክ ውስጥ ድምፅ ያገኛል። ሦስተኛው ጸሐፊው ያልታወቀ ነው፤ እርሱም የራሱ ዐይን አለው።

ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነብ ሰው ሦስት ቴዎድሮሶች ያገኛል። ችግሩ ግን መጻሕፍቱ አገራቸው ላይ ቶሎ አለመነበባቸው ነው። የዘነብን ሊትማን የተባለ ጀርመናዊ በ1902 እ.ኤ.አ. አሜሪካ አገር ፕሪንስተን ላይ፣ የወልደ ማርያምን ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ ከጥቂት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ፣ ጸሐፊው ያልታወቀውን ደግሞ ፉዜላ የተባለ ጣሊያናዊ በ1957 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። የእኛው ንጉሥ በእኛው ቋንቋ ተጽፎ ባሕር ተሻግሮ ታተመ። አገር ቤት የቀረው በቃል የሚነገረው ቴዎድሮስ ነበር።

አልቃሽና ማራኪ

በቃል የሚነገረውን ያቆዩልን አዝማሪዎችና አልቃሾች ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ ቴዎድሮስ የእንግሊዝ ወታደሮች አምባውን ሲወጡ ሽጉጡን ጠጥቶ ሞተ። ሽጉጡ ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችለት ስጦታ ነበር። ራስን መግደል በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከባድ ኃጢአት ነው። ወግ አጥባቂ በሆነ አገር እንዲህ የሞተ ሰው ስሙ ሊነሣ የሚገባው በሹክሹክታ ነበር። ሙሾው ግን ሌላ ፍርድ ሰጠ። አልቃሾቹ ሞቱን የወንድነት ሥራ አደረጉት፤ ጠላት እጁን ሳይዝ፣ በሰንሰለት ሳይታይ፣ በገዛ እጁ የሄደ አንድ ለእናቱ አሉት። ያ ግጥም ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ መቶ ዓመት ቆየ፤ ኋላ ቴአትርና ልብ ወለድ የጻፉት ሁሉ ከዚያ ምንጭ ቀድተዋል። ቤተ ክህነት ያልሰጠችውን ፍትሐት ግጥም ሰጠው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

በዚያኛው በኩል ማራኪዎቹም ይጽፉ ነበር። እስረኛ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በ1868፣ ንግሥቲቱ የላከችው መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም በ1869 እ.ኤ.አ. መጻሕፍት አሳተሙ። የኒውዮርክ ሄራልድ ጋዜጠኛ የነበረው ሄንሪ ስታንሊ መቅደላ ድረስ ዘምቶ ኋላ በመጽሐፍ ተረከው። ቴዎድሮስ ያሰራቸውን ጥቂት አውሮፓውያን ለማስፈታት ሲባል አሥራ ሦስት ሺህ ያህል ወታደር፣ ከሕንድ የመጡ ዝሆኖችና ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ወጪ ያፈሰሰ ዘመቻ ትልቅ ጠላት ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ቴዎድሮስ አስፈሪ፣ ያበደ፣ ግን ደግሞ ግርማ ያለው ሰው ሆኖ ይወጣል። የዘመቻው አዛዥ ጄኔራል ናፒየር "የመቅደላው ናፒየር" የሚል የመኳንንት ማዕረግ ሲሰጠው ድሉ ከተሸናፊው ስም ጋር ተሰፋ። ጠላትም ሳያስበው ተረቱን ረድቷል።

ምርኮው ራሱ የመጽሐፍ ምርኮ ነበር። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሊሠራው ላሰበው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከየደብሩ፣ በተለይም ከጎንደር፣ ሰብስቦ ያከማቸው ብራና ብዙ ነበር። በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ከሄደው ውስጥ ሦስት መቶ ሃምሳ ያህሉ የእንግሊዝ ሙዚየም ገባ። የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1879 እ.ኤ.አ. እዚያው ሞተ። ሽጉጥ፣ መጽሐፍ፣ ወላጅ አልባ ልጅ፦ ከዚህ የበለጠ የደራሲን ብዕር የሚጣራ ነገር ከየት ይገኛል?

የአፈወርቅና የገብረ ሕይወት ክርክር

የመጀመሪያዎቹ የማተሚያ ቤት ዘመን ጸሐፊዎች ቴዎድሮስን ያነሡት በሌላ ንጉሥ በኩል ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1901 ዓ.ም. ሮም ላይ "ዳግማዊ ምኒልክ" የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተሙ። አፈወርቅ የአማርኛን ልብ ወለድ የጀመሩ፣ ቋንቋ የታዘዘላቸው ሰው ናቸው። በዚያ መጽሐፍ ግን ምኒልክን ከፍ ለማድረግ ቴዎድሮስን ጨካኝና አውሬ አድርገው ሣሉት። አንዱን ሰማይ ለማድረግ ሌላውን ጥልቁ ላይ ማስቀመጥ የቆየ ዘዴ ነው። ለንጉሡ ክብር የሠራው ያ ብዕር ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ለጣሊያን ወራሪ ማገልገሉና ጸሐፊው "አፈ ቄሣር" መባላቸው የምናውቀው ሐዘን ነው።

ለአፈወርቅ መልስ የሰጡት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በ1912 እ.ኤ.አ. አሥመራ በታተመው "አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ" በተሰኘው ጽሑፋቸው መግቢያ ላይ የአፈወርቅን አድልዎ ይነቅፋሉ። ታሪክ ጸሐፊ የሆነውን የሚያስተውል ልቡና፣ የማያዳላ ፍርድና የጠራ ቋንቋ ሊኖረው ይገባል ይላሉ። በአማርኛ ስለ ታሪክ አጻጻፍ ሥነ ምግባር ከተጻፉት ሁሉ ይህን የሚያህል አጭርና ጽኑ ሚዛን አላየሁም። ገብረ ሕይወት ቴዎድሮስን ከአውሬነት አውጥተው ሥርዓት ሊያበጅ ያሰበ፣ ዘመኑ ግን ያልተረዳው ገዥ አድርገው ያዩታል።

እዚህ ላይ ቴዎድሮስ አዲስ ሥራ ያገኛል። ከሕዝቡ ቀድሞ የተወለደ የለውጥ ሰው ሆነ። ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚስዮናውያንን መድፍ አሠርቶ፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት ተራራ ለተራራ ጎትቶ መቅደላ ያወጣ ንጉሥ፣ አውሮፓን ለመድረስ ለሚቃትተው ምሁር የራሱ መልክ የሚታይበት መስታወት ነበር። ምሁሩም እንደ ቴዎድሮስ ብቻውን ነው፤ እርሱም ሕዝቤ አልሰማኝም ባይ ነው። ይህ መመሳሰል ከዚያ ወዲያ ቴዎድሮስን ከጸሐፊዎች ብዕር አልለየውም።

ልብና ዕንባ የሰጡት

ከጣሊያን መባረር በኋላ ነገሩ ወደ መድረክ ወጣ። ደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1940ዎቹ መጀመሪያ "ቴዎድሮስ" የተባለ ታሪካዊ ተውኔት አሳተሙ። አባታቸው የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። ቀጥሎ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1950ዎቹ በእንግሊዝኛ፣ ኋላም በአማርኛ ቴዎድሮስን ለመድረክ አበቃው። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. "የቴዎድሮስ ዕንባ"ን፣ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. "አንድ ለናቱ"ን አሳተሙ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ደግሞ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ጻፈበት። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ደራሲ በአንድ ንጉሥ ላይ የተረባረበበት ሌላ ጊዜ አላውቅም።

ልብ ወለድና ተውኔት ዜና መዋዕል የማይችለውን ሥራ ይሠራሉ፤ የልብ ውስጥ ንግግር ይሰጣሉ። ዘነብ ንጉሡ ዘመተ፣ ማረከ፣ ተቆጣ ብለው ያልፋሉ። ተውኔት ጸሐፊው ግን ሌሊት ብቻውን ከድንኳኑ ወጥቶ ከራሱ ጋር ሲሟገት ያሳየናል። የራስ ዓሊ ልጅ ተዋበች የሞተችበት ባል፣ እንግሊዛውያን ባልንጀሮቹ ፕላውዴንና ዮሐንስ ቤል በአንድ ዓመት የተገደሉበት ሰው፣ ታማኙን ገብርዬን መቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለው የጦር ሜዳ ያጣ ጌታ ይሆንልናል። አንድን ጨካኝ ሥራ ከመፍረዳችን በፊት የሠራውን ሰው ሐዘን እናያለን፤ ሐዘኑን ካየን በኋላ ደግሞ መፍረድ ይከብደናል። ከአዳራሽ ዕንባውን እየጠረገ የሚወጣ ተመልካች ቴዎድሮስን ያውቀዋል፤ ባለመረዳት የበደለው ሕዝብ ልጅ መሆኑ ደግሞ ይጸጽተዋል።

ለምን በዚያ ጊዜ? የሰሎሞን ዘር የሥልጣን ምንጭ በሆነበት፣ ሳንሱር በጠበቀበት ዘመን፣ በጉልበቱና በሐሳቡ ወደ ዙፋን የወጣን "የኮሶ ሻጭ ልጅ" ማድነቅ ራሱ ንግግር ነበር። ተማሪው በ1957 ዓ.ም. "መሬት ለአራሹ" ብሎ አደባባይ ሲወጣ፣ የደብርን ትርፍ መሬት ለገበሬ ልስጥ ያለ ንጉሥ ከመቶ ዓመት በፊት እንደነበረ ማስታወስ የዘመኑን ጥያቄ መጠየቅ ነው። "አልወለድም" የተባለ መጽሐፉ የታገደበት አቤ ጉበኛ ወደ ቴዎድሮስ መዞሩ ይገባኛል። በቀጥታ ሊባል ያልተቻለው በሙት አንደበት ተባለ። ስድቡ እንኳ ማዕረግ ሆነ፤ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳለ ሰው ያሳሰረበት የኮሶ ነገር በደራሲዎቹ እጅ የክብሩ ዘውድ ሆኖ ተመለሰ።

እነዚህን ሥራዎች እወዳቸዋለሁ። አማርኛ ለታላቅ ሐዘን የተገባ ቋንቋ መሆኑን ያሳዩ ናቸው። የሚከተለውን የምጽፈው ፍቅሬን ይዤ ነው።

ብዕሩ የሳለው ሰይፍ

ደራሲዎቹ በአንድ ዙፋን ላይ የሳሉትን ሰይፍ ሌላው መንግሥት አነሣው። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ የዘር ሐረግ የሌለው፣ ወታደር የሆነ፣ አንድነትን በኃይል የሚያስከብር ጀግና ያስፈልገው ነበር፤ ጸሐፊዎቹ ደግሞ አስቀድመው አዘጋጅተው አስቀምጠውለታል። በዘመኑ ንግግርና ቅስቀሳ የቴዎድሮስ ስም ተደጋገመ፤ መሪው ከእርሱ ጋር ተነጻጸረ። በ1969 ዓ.ም. ሚሊሻው የሠለጠነበት ሰፈር "ታጠቅ" ተባለ፤ አባ ታጠቅ የቴዎድሮስ የፈረስ ስም ነው። ጋፋትም የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስም ሆነ። ለለውጥ የተጻፈው ዕንባ ለጥይት ማሳበቢያ ሆኖ ማገልገል ጀመረ፤ አገርን አጥብቆ የወደደ ሰው ቢጨክን ይፈቀድለታል የሚል ትምህርት ከቴአትሩ ወጥቶ አደባባይ ላይ ቆመ።

ተረቱ ግን ባለቤቱን መልሶ ፈረደበት። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. የደርጉ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ወደ ዚምባብዌ ሲሄዱ፣ ብዙ ሰው የለካቸው በመቅደላው ሽጉጥ ነበር። እንደ ቴዎድሮስ ነኝ ያለ እንደ ቴዎድሮስ ይሙት ተባለ። ደራሲ የሠራው ተረት ገዥውን ሲጠቅም ኖሮ በመጨረሻው ቀን እንደ ዳኛ ሊቀመጥበት እንደሚችል ያየሁት በዚያ ነው። ኋላም የተክለ ጻድቅ መኩሪያና የጳውሎስ ኞኞ የታሪክ መጻሕፍት በየቤቱ ተነበቡ፤ በ2009 ዓ.ም. ቴዲ አፍሮ "ኢትዮጵያ" በተሰኘው አልበሙ ለንጉሡ ዘፈነ። ትውልድ በተለወጠ ቁጥር ቴዎድሮስ አዲስ አፍ ያገኛል፤ የሚናገረው ግን የዚያን ትውልድ ያልተሟላ ምኞት ነው። ያልጨረሰ መሪ ለደራሲ የሚመቸው ለዚህ ነው፤ የቀረውን ክፍት ቦታ ሁሉም በራሱ ሕልም ይሞላዋል።

ያልተጻፈው ዕንባ

አሁን ወደ ዕዳው ልምጣ። በ1859 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ጎንደርን አቃጠለ። አብያተ ክርስቲያናቱ ተዘረፉ፣ ብራናዎቹ ተጫኑ፣ ሰው ከነቤቱ ነደደ። በወሎ ዘመቻዎች የምርኮኞች እጅና እግር ተቆረጠ። ሞቱ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ በጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ መቅደላ እስላምጌ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ አገሬው እስረኞች ተገድለው ወደ ገደል ተወረወሩ። የአውሮፓ እስረኞች ግን በሕይወት ወጡ፤ መጽሐፍም ጻፉ። ገደል የተወረወሩት ኢትዮጵያውያን መጽሐፍ አልጻፉም። ስማቸውን የያዘልን የለም።

ተውኔቶቻችንና ልብ ወለዶቻችን ይህን ፈጽሞ አልካዱም። አብዛኞቹ ግን የንጉሡ የሥቃይ ማስረጃ አድርገው ያልፉታል፦ ይህን ያህል እንዲጨክን ያደረገው ምን ያህል ቢከዱት ነው ይላሉ። በዚህ አነጋገር የሟቾቹ ሞት የገዳያቸው ሐዘን ጌጥ ይሆናል። የመቅደላ ተኩስ ደግሞ የቀረውን ይጠርገዋል። ታሪኩን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ስለምንጽፈው ያቺ አንዲት ጥይት ከፊቷ ያሉትን ዓመታት ሁሉ ታነጻለች። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክራሚ በ1971 እ.ኤ.አ. የቴዎድሮስን የጭካኔ ሥራዎች ለብቻ ነጥሎ መርምሯል። የእኛ ኪነ ጥበብ ግን ያንን ጥያቄ በሙሉ ዐይኑ ገና አላየውም።

የምለው ቴዎድሮስን ከሐውልቱ እናውርደው አይደለም። አገርን አንድ ለማድረግ ማሰቡ፣ ለገበሬ መሬት መመኘቱ፣ ለባዕድ እጅ አለመስጠቱ እውነት ነው፤ ሕዝብ ይህን ማፍቀሩም ተገቢ ነው። የምለው ለጸሐፊ ነው። አንድን መሪ ወደ ተረት ከፍ ለማድረግ ብዕር የሚያነሣ ሰው የተሸከመው መሪውን ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ የወደቁትንም ይሸከማል። አንባቢ በንጉሡ ሐዘን ውስጥ ገብቶ እንዲያለቅስ ማድረግ የቻለ ብዕር፣ በእስላምጌ ገደል አፋፍ ላይ ተራውን በሚጠብቅ እስረኛ ልብ ውስጥም መግባት ይችላል። አለመግባቱ የችሎታ ማነስ አይሆንም፤ ምርጫ ነው። ያ ምርጫ ደግሞ ቀጥሎ ለሚመጣው ገዥ ፈቃድ እየጻፈ መሆኑን በደርግ ዘመን አይተናል።

ገብረ ሕይወት ያስቀመጡት ሚዛን አሁንም ቦታው ላይ ነው፦ የሚያስተውል ልቡና፣ የማያዳላ ፍርድ፣ የጠራ ቋንቋ። ሦስተኛው በእኛ ደራሲዎች ዘንድ ሞልቶ ፈሷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ከዘነብ መጽሐፍ ጎን የወልደ ማርያምንም ገልጦ የማንበብ ትዕግሥት ይጠይቃሉ።

"የቴዎድሮስ ዕንባ"ን የጻፈው ብርሃኑ ዘሪሁን የጎንደር ልጅ ነው። አያት ቅድመ አያቶቹ የሚያውቋት ከተማ በዚያ ንጉሥ እጅ ነድዳለች፤ እርሱ ግን የአቃጣዩን ዕንባ መስማት ቻለ። ይህ ልበ ሰፊነት ነው፣ አከብረዋለሁ። ዕንባው ደራሲ አገኘ፤ ከአንድም ብዙ አገኘ። በዚያ ዓመት ጎንደር ላይ ከሚነድ ቤቷ ልጇን ታቅፋ የወጣችው ሴት ዕንባ ግን እስከ ዛሬ ርእስ ሆኖ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ አልተጻፈም። የንጉሡ ጸጉር አገሩ ገብቷል። የእርሷን ዕንባ ወደ አገሩ የሚመልስ ብዕር እጠብቃለሁ።